194,313 ቀን፤ በመርካቶ ስለሚሸጡ የባሕረ ሐሳብ መጻሕፍት የቀረበ ሒስ

የመርካቶ ነጋዴ ጾም የሚገባበትን ቀን አስቀድሞ ካላወቀ ኪሳራ ይደርስበታል። ቅቤ የሚያከማቸው፣ እንቁላል ከገጠር የሚያስመጣው፣ ሽሮና ምስር የሚያዘጋጀው ሁሉ ሁዳዴ የሚያዝበትን ሰኞ ከወራት በፊት ይጠይቃል። በ2017 ዓ.ም. ነገሩ ድርብ ሆኖ ነበር። ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ቀን ሰኞ ገባ፤ በዚያው ሳምንት መጨረሻ ረመዳን ተከተለ። የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ ተቀራርበው በሚታዩበት በዚያ ሰፈር የቅቤው ገበያ ሲቀዘቅዝ የቴምሩ ገበያ ሞቀ። ሁለቱም ጾሞች ከአንዲት ጨረቃ የተነሡ ናቸው፤ አንደኛው በስሌት ይገኛል፣ ሁለተኛው ጨረቃን በማየት።

በዚያ ሰሞን ከመርካቶ የመንገድ ዳር መጻሕፍት ሻጮች ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት ገዛን። ሦስቱም ባሕረ ሐሳብን እናስተምራለን የሚሉ ናቸው። የገዛንበትን ምክንያት ብንናገር ነውር አይሆንም። እኛ የተማርነው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። እዚያ የብዙ ቁጥሮችን ትንሹን የጋራ ብዜት ማውጣት ተምረን በፈተናም ጥሩ ማርክ አግኝተንበታል። ነገር ግን ለገና በዓል ወደ ቤት በሄድን ጊዜ አባታችን «ዘንድሮ ነነዌ መቼ ነው?» ብለው ቢጠይቁን መልስ አጣን። ታናሽ እኅታችን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የቀን መቍጠሪያ አንብባ ነገረቻቸው። አባታችን ምንም አልተናገሩም፤ እኛም ቡናው እስኪፈላ ድረስ ወደ ደጅ ወጣን።

የመጻሕፍቱን ስምና የአሳታሚዎቻቸውን ስም አንጠቅስም። ክርክራችን ከአንድ ሰው ጋር ሳይሆን ሦስቱም ከሚጋሩት የማስተማሪያ መንገድ ጋር ነውና። መንገዱም ይህ ነው፤ ደንቡን ያዝዛሉ፣ ምክንያቱን ግን አይናገሩም።

ለማያውቁት አንባቢዎቻችን ስሌቱን በ2017 ዓ.ም. እናሳይ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለም 7517 ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 1 ይተርፋል፤ ስለዚህ ዘመኑ ማቴዎስ ነው። 7517ና 1879 ተደምረው 9396 ይሆናሉ፤ በ7 ሲገደፍ 2 ይቀራል። አንድ ማክሰኞ፣ ሁለት ረቡዕ ስለ ሆነ መስከረም 1 ቀን ረቡዕ ነው። እንደ ገና 7517 በ19 ሲገደፍ 12 ይቀራል፤ መደብ ይባላል። ከመደቡ አንድ ሲጐድል ወንበር 11 ይሆናል። 11 በ11 ተባዝቶ 121፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 1 ነው። 11 በ19 ተባዝቶ 209፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 29 ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 29 ቀን ረቡዕ ይውላል። የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው፤ ከ29 ጋር ተደምሮ 33 ስለሚሆን 30ው ይገደፍና ወሩ ከጥር ወደ የካቲት ያልፋል። ነነዌ የካቲት 3 ቀን ሰኞ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ 14 ቀን ቈጥረን ዐቢይ ጾምን የካቲት 17፣ 69 ቀን ቈጥረን ፋሲካን ሚያዝያ 12 እናገኛለን። ሁሉም እንደ ተባለው ዋለ።

መግደፍ የሚለው ቃል ደስ አሰኝቶናል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት «ተካፍሎ የሚተርፈው» እያልን በረጅሙ የምንጠራውን ነገር ሊቃውንቱ በአንድ ግስ ይገልጹታል። ይኸው ግስ ጾምን ለመፍታትም ይነገራል።

እንግዲህ ይህ ስሌት ትክክለኛ መልስ መስጠቱን ማንም አይክደውም። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ሦስቱም መጻሕፍት አንድ ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት እንደ ሆነ፣ ይህም ካለፈ በኋላ በዓላትና አጽዋማት እንደ ገና በነበሩበት ዕለትና ቀን እንደሚመለሱ ይነግሩናል። ስለ ምን 532 ሆነ? ስለ ምን 500 ወይም 600 አልሆነም? አንዱም አልመለሰም። አንደኛው መጽሐፍ 19ን በ28 አባዝቶ ብቻ አልፎታል። 28ስ ከየት መጣ?

መልሱ በቀኖች ቁጥር ውስጥ ይገኛል። በባሕረ ሐሳብ አንድ ዓመት 365 ቀን ከ15 ኬክሮስ ነው፤ 60 ኬክሮስ አንድ ቀን ይሆናል። ስለዚህ ሙሉ ቀን ለማግኘት አራት ዓመት ያስፈልጋል፤ ይኸውም 1461 ቀን ነው፤ አራቱን ወንጌላውያን ያስገኘው ይህ ነው። 1461 በ7 ሲገደፍ ግን 5 ይቀራል። ስለዚህ ከአራት ዓመት በኋላ ዓመቱ በዚያው ዕለት አይጀምርም፤ በአምስት ዕለት ያልፋል። 7 ደግሞ ከራሱና ከአንድ በቀር አካፋይ የሌለው ቁጥር ስለ ሆነ ያ 5 ሰባት ጊዜ ካልተደጋገመ በቀር ሊጠፋ አይችልም። አራት ሰባት ጊዜ 28 ነው፤ አውደ ፀሐይ የሚባለው። ጨረቃ በበኩሏ በ19 ዓመት ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። 19ም እንዲሁ ሌላ አካፋይ የለውም፤ ከ28 ጋርም የሚጋራው ነገር የለም። ስለዚህ ሁለቱ አውዶች አብረው የሚገጥሙት 19 ጊዜ 28 ሲሞላ፣ በ532 ዓመት ነው፤ ከዚያ በፊት ፈጽሞ አይገጥሙም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርነው የጋራ ብዜት ይኸው ነበረ፤ መምህራችን ግን በድንበር ላይ ተገናኝተው ስለሚለያዩ ሁለት ባቡሮች እንጂ ስለ ፋሲካ አልነገሩንም።

አሁን 532 ዓመትን ወደ ቀን እንለውጥ። 194,313 ይሆናል። ይህ ሙሉ ቁጥር 3፣ 7፣ 19 እና 487 ተባዝተው የሚሰጡት ነው፤ ከእነዚህ ከአራቱ አንዱም ከዚያ ወዲያ አይከፈልም። ሰባቱ ሳምንቱን ያስገኛል፤ አሥራ ዘጠኙ የጨረቃን አውድ ይዟል፤ ሦስትና 487 ደግሞ ተባዝተው የአራቱ ወንጌላውያን 1461 ይሆናሉ። የባሕረ ሐሳብ አካል በሙሉ በዚህ በአንድ ቁጥር አካፋዮች ውስጥ ተቀምጧል ብንል ማጋነን አይሆንም። ለ7 ስናካፍለው 27,759 ሳምንት ይሆናል፤ ምንም አይተርፍም። ይህ 27,759 ደግሞ ማዕከላዊ ቀመር የሚባለው የ76 ዓመት ቀን ቁጥር ነው። የትልቁ ቀመር ሳምንታት ከመካከለኛው ቀመር ቀናት ጋር በቁጥር እኩል መሆናቸውን ባየን ጊዜ መጀመሪያ ገረመን፤ ሆኖም 532 ሰባት ጊዜ 76 ስለ ሆነ ነገሩ የግድ ነው።

ከዚህ ጠባይ አንድ ታላቅ ጥቅም ይገኛል፤ መጻሕፍቱ ይህን ዝም ማለታቸው ያስቈጫል። ሁሉም በ532 የሚመለስ ከሆነ በ7517 መድከም ለምን ያስፈልጋል? አሥራ አራት ዐቢይ ቀመር 7448 ዓመት ነው፤ የተፈጸመውም በ1948 ዓ.ም. ነበረ። እንግዲህ ከማናቸውም ከ1948 ወዲህ ካለ ዓመተ ምሕረት ላይ 1948ን ብንቀንስ በሚቀረው ትንሽ ቁጥር ሁሉን ማውጣት እንችላለን። 2017 ሲቀነስ 1948፣ 69 ነው። (ከነነዌ እስከ ፋሲካ ካለው 69 ቀን ጋር መመሳሰሉ እንዲያው አጋጣሚ ነው።) 69 ለ4 ሲካፈል 17 ደርሶ 1 ይተርፋል፤ ማቴዎስ። 69ና 17፣ 86፤ በ7 ሲገደፍ 2፤ ረቡዕ። 69 በ19 ሲገደፍ 12፤ መደቡ ያው ነው። ወረቀትና እርሳስ አላስፈለገንም። ይህ አቋራጭ እስከ 2480 ዓ.ም. ድረስ ያገለግላል። እንዲሁም ከ2017 ላይ 532 ብንቀንስ 1485 ዓ.ም. እናገኛለን፤ በአፄ እስክንድር ዘመነ መንግሥት፣ ኮሎምቦስ ከመጀመሪያ ጉዞው በተመለሰበት ዓመት መሆኑ ነው። በዚያም ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 12 ቀን ነበረ።

ወደ አበቅቴና መጥቅዕ እንለፍ። መጻሕፍቱ እነዚህን እንደ ሁለት የተለያዩ ደንቦች ያስጠናሉ፤ ወንበሩን በ11 አባዛ፣ ወንበሩን በ19 አባዛ። ነገር ግን 11ና 19 ተደምረው 30 ስለሚሆኑ አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ተደምረው 30 ናቸው፤ አንዱ ከታወቀ ሌላው ታወቀ። ይህ ለማወቅ ያህል ብቻ የሚነገር አይደለም። ከገዛናቸው መጻሕፍት ባንደኛው ባለው ሠንጠረዥ ላይ ለወንበር 4 አበቅቴ 14፣ መጥቅዕ 26 ተብሎ ታትሟል። 14ና 26፣ 40 ነው። የማተሚያ ቤት ስሕተት መሆኑን፣ ትክክሉም 16 መሆኑን ወዲያው ዐወቅን። ጠባዩን ሳያውቅ ሠንጠረዡን አምኖ የተከተለ ሰው ግን ጾሙን በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ያዛባል። እንቁላል ያከማቸ ነጋዴ ቢሆንስ?

11ስ ምንድን ነው? የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ነው፤ ልዩነታቸው 11። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ የሚመጣው በዚሁ ምክንያት ነው። በሸማ ተራ ያነጋገርናቸው አንድ ሐጂ ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ አበቅቴ የሚለውን ስም ግን ከእኛ ነው የሰሙት። ከመደቡ ላይ «አንድ አጕድል» የሚባለውም ምክንያት አለው፤ የተያዘው ዓመት ገና ስላልተፈጸመ የሚቈጠረው ያለፈው ብቻ ነው። ይህን ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃ ነበር።

ከዚህ በታች ያለው ወቀሳችን ከበድ ያለ ነው። ሦስቱም መጻሕፍት በየመግቢያቸው ይህ ስሌት ከፀሐይም ከጨረቃም ከቶ የማይስት መሆኑን ይመሰክራሉ። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀዋል። 194,313 ለ7 ሳይተርፍ መካፈሉ እውነት ነው፤ ዛሬም ነገም አይለወጥም፤ የሰማይ አካላት ምስክርነት አያስፈልገውም። የጨረቃው ጉዳይ ግን እንደዚህ አይደለም። በ19 ዓመት ውስጥ 235 የጨረቃ ወሮች አሉ ተብሎ የተቈጠረው በግምት ነው። ግምቱም እጅግ ያማረ ግምት ነው፤ የአቴናው ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 አስታውቆታል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ካሊጶስ ወደ 76 ዓመት አስፍቶ 27,759 ቀን አድርጎታል። በዐቢይ ቀመር ውስጥ 6,580 የጨረቃ ወሮች ይሆናሉ። 194,313ን ለ6,580 ብናካፍል ለአንድ ወር ከእውነተኛው የጨረቃ ወር 23 ሰከንድ ያህል የሚበልጥ እናገኛለን። 23 ሰከንድ ምንም አይመስልም። በ6,580 ወር ግን አንድ ቀን ከሦስት ሩብ ገደማ ይሆናል፤ በ308 ዓመት አንድ ቀን ማለት ነው። የአበቅቴው ቁጥርም ይህን ግምትነት በራሱ ይመሰክራል፤ በየዓመቱ 11 እየጨመረ ሄዶ በ19ኛው ዓመት 18 ላይ ሲደርስ፣ ወደ ባዶ ለመመለስ 12 ይዘላል። ያችን የአንድ ቀን ዝላይ አንድም መጽሐፍ አላነሣትም።

ይህን በወረቀት ብቻ አላቈየነውም። በ2017 ዓ.ም. ስሌቱ የፋሲካውን ጨረቃ ሙሉነት የሚያኖረው ሚያዝያ 9 ቀን፣ በጸሎተ ሐሙስ ነው። በዚያ ምሽት አዲስ ከተማ ከተከራየንበት ግቢ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ሙሉ ጨረቃ ፀሐይ ስትጠልቅ መውጣት ነበረባት። ሱቆች ተዘጉ፤ የጫኝና አውራጅ ልጆች ጋሪያቸውን አሰሩ፤ ጨረቃ የለችም። የወጣችው ከምሽቱ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ አንድ ጐኗም ጐድሎ ነበር። ሙሉ ሆና የታየችው ከአራት ቀን በፊት፣ በሆሣዕና ዋዜማ ሌሊት ነበረ። የእስክንድርያው አንያኖስ በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የ532ን አውድ ካቀናበረ ወዲህ በየ308 ዓመቱ ያመለጠችው ቀን ተጠራቅማ እነሆ በዓይን ትታያለች።

ይህን ስንል ስሌቱ ይለወጥ ማለታችን አይደለም፤ እሱ የሊቃውንቱ ሥልጣን ነው፤ የበዓል ቀንም ሰዎች አብረው እንዲያከብሩት በስምምነት የሚጸና ነገር ነው። ማረም ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍልም ማየት ያስፈልጋል። የሮም ቤተ ክርስቲያን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1582 አሥር ቀን አስወግዳ ፀሐዩንም ጨረቃውንም አረመች። በዚህም ለሰማዩ ይበልጥ ቀረበች፤ ነገር ግን የእነርሱ ፋሲካ ሙሉ አውዱን ጨርሶ የሚመለሰው በ5,700,000 ዓመት ነው። 532ን አንድ የድጓ ተማሪ በጣቱ ይዞ ይዞራል፤ ያኛውን ማን ይዞት ይዞራል? የእስክንድርያ ሊቃውንት ትንሽ ስሕተት ታግሠው ትንሽ ቁጥር መረጡ፤ የሮማውያኑ ትንሽ ስሕተት ለማጥፋት ትልቅ ቁጥር ተሸከሙ። መጽሐፉ ይህን ለአንባቢው ቢነግረው የባሕረ ሐሳብ ክብር የሚቀንስ አይመስለንም። «ከቶ አይስትም» ብሎ ተማሪውን ማስማል ግን አደገኛ ነው፤ ልጁ አንድ ቀን በጸሎተ ሐሙስ ማታ ወደ ሰማይ ቢያይ እውነተኛውን ከግምቱ ጋር አብሮ ይጥለዋል።

የጣሉትን እናውቃለን፤ በዚሁ ኮሌጅ አብረውን ይቀመጣሉ። ይህ የቃል ጥናት እንጂ ሒሳብ አይደለም የሚሉን ጓደኞቻችን አሉ። እኛም እስከ 2017 የካቲት ድረስ እንደዚሁ እንል ነበርና ልንወቅሳቸው አንደፍርም። ብቻ ኦቶ ኖይገባወር የተባለው የጥንት ሒሳብ ታሪክ ሊቅ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1979 ስለ ኢትዮጵያ የሥነ ፈለክና የዘመን ቈጠራ ጽሑፎች አንድ ሙሉ መጽሐፍ በቪየና ማሳተሙን ያስታውሱልን። በአማርኛም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1993 ዓ.ም. «ባሕረ ሐሳብ» በሚል ስም ሰፊ መጽሐፍ አቅርበዋል። ነገር ግን ከመርካቶ መንገድ ዳር የሚገዛ ሰው የሚገዛው ቀጭኑን መጽሐፍ ነው፤ ስለዚህ ቀጭኑ መጽሐፍ መታረም አለበት ብለን እናምናለን።

ይህን ጽሑፍ ከመስጠታችን በፊት አቋራጩን ስሌት ለመፈተን በራጉኤል አቅራቢያ የጸሎት መጻሕፍት ወደሚሸጡ አንድ መሪጌታ ሄድን። «የኔታ፣ 1948ን ከቀነሱ በኋላ በትንሹ ቁጥር ብቻ ይወጣል» አልናቸው። በጥሞና ሰምተው የ2017ን በጣታቸው አወጡ፤ ገጠመ። የ2010ን አወጡ፤ እሱም ገጠመ። ከዚያ ፈገግ ብለው «እስቲ አንተ የ1948ን የራሱን አውጣልኝ» አሉ።

ቀነስን፤ ባዶ ሆነ። ባዶ በ19 ሲገደፍ ባዶ ነው። ከባዶ ላይ አንድ አጕድል። ዝም አልን፤ እንደ ገናው ዕለት።

«ባዶ ሲሆን 19 ያዝ፣ ልጄ» አሉ የኔታ። «ዘመኑ ሞልቶ ነው እንጂ ጠፍቶ አይደለም።»

ወንበር 18 ሆነ፤ መጥቅዕ 12። ከ14 ስለሚያንስ በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 12፣ እሑድ፤ ተውሳኩ 7። ነነዌ የካቲት 19፤ ፋሲካ ሚያዝያ 28። እኛ ይህን እስክንጨርስ ድረስ ጣታቸውን አጥፈው ይጠብቁን ነበር።

«አዎን፣ ሚያዝያ 28 ነው» አሉ፤ «እኔ የተወለድሁት በማግሥቱ ነው።»